አሮጌው ስካነር ለምን ይወገዳል?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ሪፖርቱን ቀደም ብላችሁ ሰምታችኋል። አሁን የቆምነው ስለ አንድ ዕቃ ለመናገር ነው፤ በክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ስላለው ገመድ አልባ ስካነር። ባለፈው የሥራ አመራር ኮሚቴ ስብሰባ "ከአገልግሎት ውጭ ስለሆነ ይወገድ" የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ዛሬ ይሠራል። እንዴት እንደሠራ የምንነግራችሁ በየቅርንጫፉ ተመሳሳይ ዕቃ ጨርቅ ለብሶ እንደተቀመጠ ስለምናውቅ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደደከምንበት። ከገበያ የምናመጣው የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ በቀለም የታተመ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነው። በኋላ ደግሞ ሙቀቱ፣ ብርሃኑ፣ አንዳንዴም የምንሸፍንበት ፕላስቲክ ራሱ ጽሑፉን ያደበዝዘዋል። በጥንቃቄ ፕላስቲክ ውስጥ የከተትነው ደረሰኝ ጥቂት ቆይቶ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ኦዲተር ደግሞ ባዶ ወረቀት አይቀበልም። የድጋፍ ውሎቻችን ማስረጃ የሌለውን ወጪ ከራሳችን እንድንመልስ ያስገድዳሉ። ከራሳችን ማለት እናንተ ጉሊት ውላችሁ፣ እንጀራ ሸጣችሁ በየወሩ ከምታዋጡት ማለት ነው።

በስልክ ፎቶ ማንሳት አይቻልም ወይ ትሉን ይሆናል። ለአንድ ሁለት ደረሰኝ እኛም እናደርገዋለን። የሩብ ዓመት ቫውቸር ከነአባሪው፣ የብድር ውል ከነዋስትናው ሲሆን ግን ወረቀት ደርድረንለት ሁለቱንም ገጽ የሚያነብ ማሽን ያስፈልገናል። አዲስ እንዳንገዛ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አይነገርም።

ችግሩ የተፈጠረው የድሮው ላፕቶፕ ሞቶ ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ላፕቶፕ ሲመጣ ነው። ስካነሩ መብራቱ ይበራል፣ ወረቀት ይስባል፤ ላፕቶፑ ግን አያየውም። የመጣው ባለሙያ "ዘመኑ አልፎበታል" ብሎ ሄደ። አንዲት እናታችን "ካልተበላሸ እንዴት አይሠራም?" ብለው ጠየቁን። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር።

ስካነርና ኮምፒውተር በቀጥታ አይግባቡም። በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል ሶፍትዌር እንደ አስተርጓሚ ሆኖ ይቆማል። ይህን አስተርጓሚ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ የስካነሩ አምራች ነው። ዕቃው ሲያረጅ አምራቹ ለአዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጻፉን ያቆማል። ለባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ብቻ የተጻፈ ድራይቨር በባለ 64 ቢቱ ላይ አይጫንም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና የተባለውን ሲስተም ሲያወጣ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ ስለዘጋ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ደህና ስካነሮች በአንድ ሌሊት ሥራ ፈት ሆነዋል። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው አስተርጓሚው ነው። አምራቹ አዲስ መሸጥ መፈለጉ ይገባናል፤ እኛ ግን የእሱን ሒሳብ የምንይዝ አይደለንም።

ገመድ አልባ ስካነር ሲሆን ሁለት ችግር ተደራርቦ እንደ አንድ ይታያል። መለየት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦ ዋይፋዩ ያገናኛል ወይ? ኮምፒውተሩስ ቋንቋውን ያውቃል ወይ? ለዚህ መጀመሪያ ዋይፋዩን ትተን በዩኤስቢ ገመድ አገናኘነው። በገመድ ከሠራ ችግሩ የዋይፋዩ ብቻ ነው። የእኛው በገመድም አልሠራም፤ ስለዚህ ከድራይቨሩ ጀመርን።

ድራይቨር የፈለግነው ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ "ነጻ ድራይቨር" እያሉ የሚጠሩ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ቫይረስ ይዘው ሊመጡ ስለሚችሉ የማኅበሩ ሒሳብ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አንከፍታቸውም። ለዊንዶውስ 10 የተጻፈ ባለ 64 ቢት ድራይቨር ከተገኘ ብዙ ጊዜ በ11ም ይሠራል። ለእኛ ማሽን ግን አልተገኘም። ያኔ ቩውስካን ወደሚባለው ፕሮግራም ሄድን። ይህ ፕሮግራም የአምራቹን ድራይቨር ሳይጠብቅ፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ ስካነሮች የራሱን ይዞ ይመጣል። የሚሸጥ ነው፤ ነገር ግን ሳይከፍሉ መሞከር ይቻላል፤ በሙከራው ጊዜ በገጹ ላይ ምልክት ያትምበታል እንጂ መሥራት አለመሥራቱን በደንብ ያሳያል። የእኛ ስካነር በመጀመሪያው ሙከራ ወረቀቱን ሳበ፤ ምስሉም ስክሪኑ ላይ መጣ። በክፍሉ የነበርነው ሁላችንም አጨበጨብን፤ ጥበቃው ምን እንደሆነ ለማየት መጡ።

ክፍያው በዶላር ነው፤ ማኅበራችን ደግሞ የውጭ ካርድ የለውም። በውጭ የምትኖር አባላችን ከፍላልን፣ እኛ በዓይነት እንደተሰጠ ድጋፍ ደረሰኝ ቆርጠን መዝግበነዋል። መክፈል ለማትችሉ ናፕስ 2 የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። እሱ የሚጠቀመው በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ድራይቨር ስለሆነ ድራይቨር ጨርሶ ለሌለው ዊንዶውስ መፍትሔ አይሆንም፤ ድራይቨሩ ኖሮ የአምራቹ ፕሮግራም ብቻ ለተቋረጠበት ግን እጅግ ጥሩ ነው። ሊኑክስ የሚያውቅ ልጅ ያላችሁም ጠይቁት፤ ዊንዶውስ የተዋቸውን ብዙ አሮጌ ስካነሮች ሊኑክስ እስካሁን ያውቃቸዋል።

ቀጥሎ ዋይፋዩ። ራውተሮች 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በሚባሉ ሁለት የሞገድ ክልሎች ይሠራሉ። አሮጌ ስካነሮች በአብዛኛው የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። ራውተሩ ሁለቱን በአንድ ስም ሲያወጣቸው ስካነሩ አንዳንዴ ግራ ይጋባል። ለየብቻ ስም ሰጠናቸው። የይለፍ ቃሉን ጥበቃ አዲሱ ደብልዩፒኤ 3 ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሮጌው ማሽን መግባት ስለማይችል ወደ ደብልዩፒኤ 2 እንመልሰው ነበር። በላፕቶፑም በኩል ዊንዶውስ የቢሮውን ዋይፋይ እንደ ካፌ ዋይፋይ፣ ማለትም "ፐብሊክ" ብሎ ይዞት ስለነበር ሌሎች ዕቃዎችን እንዳያይ ተከልሎ ነበር፤ "ፕራይቬት" አደረግነው። እውነቱን ለመናገር፣ የራውተሩን የይለፍ ቃል ማን እንደሚያውቅ ፍለጋው ከዚህ ሁሉ ረዘመብን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በአንዱ ቅርንጫፍ ያለው ትልቁ ኮፒ ማሽን ሰነድ ስካን አድርጎ በዋይፋይ ወደ ኮምፒውተር ፎልደር ይልክ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲቀየር መላኩን አቆመ። ምክንያቱ ማሽኑ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የመላኪያ ሥርዓት ብቻ መሆኑ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ዘግቶታል። ባለሙያው በሁለት ደቂቃ ልክፈትላችሁ አለ። አይሆንም አልን። በዚያው ዓመት በግንቦት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን የቆለፈው በዚሁ በር ገብቶ ነው። እኛ ዘንድ የአባላት መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የብድር ውል አለ። አሁን ቅርንጫፉ ማሽኑ ላይ ፍላሽ ሰክቶ በፍላሹ ያስቀምጣል፤ ትንሽ ያደክማል፣ ግን ማንም ቤታችን አይገባም።

ምንም ዘዴ ያልሠራለት ስካነር ካላችሁ፣ የድሮው ኮምፒውተር እስካለ ድረስ ሁለቱን አንድ ላይ አቆዩአቸው። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላቅቁት፣ ስካን ብቻ ያድርግ። ዊንዶውስ 10 እንኳ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ከዚያ የቆየውን በኢንተርኔት ላይ ማዋል ልክ አይደለም።

ዕቃ ለምትለግሱን ወዳጆቻችን አንድ ልመና አለን። ስካነር ስትልኩልን ኤርስካን ወይም ሞፕሪያ የሚል ያለበትን ምረጡልን፤ እንዲህ ያለው የአምራቹን ድራይቨር ሳይጠብቅ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ይግባባል። የኤሌክትሪክ አዳፕተሩንም አትርሱት፤ ያለ አዳፕተር የመጡ ሁለት ማሽኖች አሁንም መጋዘን ውስጥ አሉ።

የየቡድኑ ገንዘብ ያዦች፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ጠዋት ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ስቴፕለሩን ነቅላችሁ፣ ወረቀቱን አቃንታችሁ አምጡልን፤ ስቴፕለር የማሽኑን ጎማ ይበላል። ስካን አድርገን ዋናውን ለእናንተ እንመልሳለን፣ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ስካነር የቆመባችሁ ቅርንጫፎችም ማሽኑን ከነገመዱ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንሞክረዋለን።