የሴንትራል ፓርክ መብራት ከየት ይመጣል?



የኤሌክትሪክ ምንጭ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ለታላቁ የህዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛ ሰው፣ መብራት ከግድግዳ ማብሪያ እንደማይጀምር ያውቃል፤ ከማብሪያው ጀርባ ውኃ፣ ገንዘብና ውሳኔ አለ። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖሩም የደስታው ተካፋይ ነበሩ። ይኸው የባለቤትነት ስሜት ዛሬ የመብራት ሂሳብ ወደሚከፍሉበት ከተማም መዞር አለበት።

ሴንትራል ፓርክ፣ የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተዘጋ በኋላ በስፍራው የተገነባ ሰፈር ነው። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከኤክሴል ኢነርጂ ሰፊ መረብ ነው። ከሰፈሩ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በጥቂት ማይሎች ርቀት የቼሮኪ ማመንጫ ይገኛል። ማመንጫው እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የድንጋይ ከሰል ሲያቃጥል ኖሮ፣ በ2010 በወጣው የኮሎራዶ ሕግ መነሻነት በ2017 ከሰልን ፈጽሞ አቆመ። ጭሱ ቀነሰ፤ እሳቱ ግን አልጠፋም፤ ዛሬ የተፈጥሮ ጋዝ ይነድበታል። በፑዌብሎ የሚገኘው ሦስተኛው የኮማንቼ የከሰል ክፍልም እስከ 2031 መባቻ እንዲዘጋ ተወስኗል።

በሌላ በኩል፣ በምሥራቁ ሜዳ የተተከለው የረሽ ክሪክ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከ2018 ጀምሮ እስከ 600 ሜጋ ዋት ለመረቡ ያበረክታል። በሴንትራል ፓርክም የቤት ጣሪያዎች ራሳቸው ማመንጫ ሆነዋል። የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ቀን ላይ ከቤቱ ፍጆታ በላይ ሲያመነጩ፣ ትርፉ ወደ ማከፋፈያ መስመሩ ይመለሳል። ይህን ትርፍ አስቀምጦ ለምሽት ለማዋል፣ በ2016 በዚሁ ሰፈር የባትሪ ሙከራ ተፈቅዶ ነበር።

ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። የጣሪያ ባለቤት የሆነ ሰው ከፀሐይ ይጠቀማል። በአውሮራ በኮልፋክስና በሃቫና ጎዳናዎች አካባቢ በአፓርታማ የሚኖረው ተከራይስ? ጣሪያው የአከራዩ ነው፤ የመብራት ሂሳቡ ግን የእርሱ ነው። አዳዲስ ማመንጫዎችና የማስተላለፊያ መስመሮች የሚሠሩት ከደንበኞች ሁሉ በሚሰበሰብ ገንዘብ ስለሆነ፣ ተከራዩም ለሽግግሩ ይከፍላል። የሚከፍል ሁሉ ተጠቃሚ ካልሆነ፣ ንጹሕ ኃይል ፍትሐዊ ኃይል ሊባል አይችልም።

መፍትሔው በሕግ ተጀምሯል። የማኅበረሰብ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ ተከራይ በሌላ ስፍራ ከተተከለ ሰሌዳ ድርሻ እንዲይዝና ሂሳቡ እንዲቀነስለት ያደርጋል። በ2024 የጸደቀው የኮሎራዶ ሕግ፣ በአዲሱ የማኅበረሰብ ፀሐይ መርሐ ግብር ቢያንስ 51 በመቶው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች እንዲመደብ ያዝዛል። በ2021 የወጣው ሌላ ሕግም የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን በውሳኔዎቹ ፍትሐዊነትን እንዲመዝን ያስገድዳል።

ይሁን እንጂ ድርሻ ያለው መሆኑን ያላወቀ ሰው ድርሻውን አይጠይቅም። ስለዚህ የሕግ አውጪዎች ረዳቶች ሦስት ነገሮችን ሊከታተሉ ይገባል፦ የምዝገባው ማስታወቂያና የውሉ ቃል በአማርኛ መቅረቡን፤ የገቢ ማረጋገጫው ሠራተኛውን ቤተሰብ የማያንገላታ መሆኑን፤ የኮማንቼ መዝጊያ ቀን ሌላ ሰበብ ተፈልጎለት አለመገፋቱን። የማኅበረሰብ አንቂዎች ድርሻ ደግሞ፣ ማንም ነዋሪ አስተያየቱን ለኮሚሽኑ በጽሑፍ ማቅረብ እንደሚችል በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ ማስረዳት ነው።

ለዓባይ ግድብ ከሩቅ ሆኖ ያዋጣ ማኅበረሰብ፣ በደጁ ስላለው ማመንጫ ዝም ሊል አይገባም። ቆጣሪው በየቤቱ አለ፤ ድምፁም በየኮሚሽኑ ስብሰባ ሊሰማ ይገባል።