ጸደይና ዝምታ፦ የኪነ ጥበብ ዘመን አቆጣጠር በምዕራብ ጎጃም



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ዜማውን፣ ግጥሙንና ጭፈራውን መቼ እንደሚያሰማ፣ መቼስ እንደሚገታ የሚወስነው በምን ሕግ ነው? ጥያቄውን የምመረምረው ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና በዙሪያቸው ያለውን የምዕራብ ጎጃም ገጠር ይዤ ነው። ከዓመቱም የመረጥሁት ጸደይን ነው። የምከራከርበትን ነጥብ አስቀድሜ ልናገር፤ በዚህ አገር የጸደይ ኪነ ጥበብ የሚጀምረው ከዝምታ ነው፤ ዝምታውም የጥበቡ አንድ ክፍል ነው። የንግግሬ ወሰን የክርስቲያኑ አቆጣጠር ነው፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ያላቸው የበዓል ሥርዓት ራሱን የቻለ ንግግር ይሻል።

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራው። ዛሬ ብዙዎቻችን መስከረምን ጸደይ እያልን እንጠራለን። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ግን ከመስከረም 26 የሚጀምረው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ደግሞ የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 እንደማይቀድም፣ ከሚያዝያ 30ም እንደማያልፍ ይነግሩናል። ሁለቱን ሐሳቦች ስናጋጥማቸው፣ ፋሲካ ከጸደይ ውጭ ሊውል እንደማይችል እንረዳለን። የወቅቱ መግቢያና የበዓሉ የመጀመሪያ ቀን አንድ ናቸው።

ከፋሲካ በፊት 55 የዐቢይ ጾም ቀናት አሉ። በእነዚህ ቀናት በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ እየዘመሙ ጾመ ድጓን ይቆማሉ። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ድጓ ራሱ የተከፈለው በወቅት ነው፤ ዘዮሐንስ፣ ዘአስተምሕሮ፣ ጾመ ድጓና ዘፋሲካ ይባላል። ስለዚህ መጽሐፉ የዜማ ስብስብ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ዜማ በየትኛው ጊዜ እንደሚገባ የሚያስተምር የዘመን ሥርዓትም ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ሕጉ ይሠራል። በጾም ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ እስክስታ የለም፤ የአዝማሪው ማሲንቆም ይሰቀላል። በጾም የሚደረደረው በገና ነው፤ እርሱም ለምስጋናና ለተመስጦ እንጂ ለጭፈራ አይደለም።

እዚህ ላይ የመሣሪያዎቹን መፈራረቅ ልብ እንበል። ለሁለት ወር ያህል ከበሮ ያልሰማ ጆሮ በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ የሚሰማው ነገር፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሰማው ከኖረ ጆሮ የተለየ ነው። ድምፁን የሚያገዝፈው የመሣሪያው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ የነበረው ባዶ ቦታም ያገዝፈዋል።

ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት የረቡዕና የዓርብ ጾም እንኳ አይጾምም። የሰርጉ ዳስ የሚጣለው በዚህ ጊዜ ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ስትከበር ጎረቤት ከደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ይቃመሳል፤ ቡናውን ይጠጣል። ይሁንና መስኮቱ ጠባብ ነው። ገበሬው እርሻውን እየደጋገመ ክረምቱን ይጠብቃል፤ ዝናቡ ሲገባ የሰርጉ ወራት ያልፋል። ጾሙ ከአንድ ወገን፣ ክረምቱ ከሌላው ወገን አጥረውት ስለሚቆሙ፣ የጸደይ ዘፈን የተጨመቀ ኃይል አለው።

በዚህ መስኮት ውስጥ የሚሰማው ጥበብ አንድ የጋራ ጠባይ አለው፤ ለዕለቱ የሚፈጠር መሆኑ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ ይታወቃል፤ ዋሸራና ጎንጅ ሲጠሩ ስማቸው ከቅኔ ጋር ነው። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም ሆነ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ ለዕለቱ በዓል አዲስ ሆኖ ይቀርባል፤ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ለባለ ቅኔ ነውር ነው። በሰርግ ቤትም አዝማሪው የእንግዳውን ስም፣ ዘመድና ሙያ እያነሣ በቦታው ይገጥማል፤ እንግዳውም «ተቀበል» ብሎ የራሱን ስንኝ ያቀብለዋል። አንዱ በግእዝ፣ ሌላው በአማርኛ፤ አንዱ በማኅሌት፣ ሌላው በዳስ። ሥራቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ለዘመናዊው ቴአትር መሠረት ከጣሉት አንዱ መሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያለው በር ክፍት እንደነበረ ያሳያል።

ከሌላው ዓለም አንድ ማነጻጸሪያ ልጥቀስ። በስኮትላንዷ ኤድንብራ ከተማ በ1988 እ.ኤ.አ. የኪነ ጥበብ ሰዎች ቤልቴን የተባለውን ጥንታዊ የጸደይ የእሳት በዓል በካልተን ኮረብታ ላይ እንደ አዲስ አቋቋሙት፤ አሁን ኤፕሪል 30 ሌሊት ይከበራል። በዓሉ ውብ ነው፤ ነገር ግን ከተማው የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበረበት። የእኛ ክር ገና አልተበጠሰም፤ ፈተናው እንዳይበጠስ መጠበቅ ነው።

ክሩን የሚያሳሳው ምንድን ነው? የተቀዳ ሙዚቃ ወቅት አያውቅም፤ በስልክም በድምፅ ማጉያም በማናቸውም ቀን ይሰማል። አዝማሪውም ወደ መድረክ ሲጠራ አስቀድሞ የተወሰነ ግጥም በተወሰነ ደቂቃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ተቀባይም አቀባይም አይኖረውም። ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የማናነሣው ጉዳይ አለ። ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም በጾሙ ቀናት ገቢ የሌለው አዝማሪ ነው። ሥርዓቱን እናከብራለን የምንል ሁሉ፣ ሥርዓቱን በኪሱ የሚሸከመውን ሰው ማሰብ ይገባናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ዘፈን የምትሰበስቡ ተማሪዎች ግጥሙን ብቻ አትጻፉ፤ ቀኑን፣ ምክንያቱንና ከዚያ በፊት የነበረውን የዝምታ ጊዜ መዝግቡ። ሁለተኛ፣ የባህል ዝግጅት ስናሰናዳ ቀኑን ከአዳራሽ መርሐ ግብር ሳይሆን ከአገሩ አቆጣጠር እንውሰድ፤ ቅኔውም ግጥሙም ለዕለቱ አዲስ ይሁን። ሦስተኛ፣ ማሲንቆው በተሰቀለበት ወራት አዝማሪውን ስለ ሙያው እንዲያስተምር ወደ ክፍላችን እንጋብዘው፤ ለጊዜውም እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህር እንክፈለው። ያን ጊዜ ዝምታው ለእርሱም ለእኛም የትምህርት ወቅት ይሆናል።