የማን እጅ ነው? የሰውን አካል የሚመስሉ ሰው ሠራሽ ጣቶችን ስለሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት



የዛሬው ንግግሬ የሰውን አካል የሚመስሉ ሰው ሠራሽ ጣቶችንና እጆችን የሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት በአካባቢያችን እንዴት ሊቋቋም እንደሚችል የሚመለከት ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከመጻሕፍት ሳይሆን በአብርሃ ጅራ ከሚኖረው ከአጎቴ ልጅ ነው።

ምዕራብ አርማጭሆን የምታውቁ የሰሊጥን ወራት ታውቃላችሁ። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው፤ እባቡም በነዶው ሥር ይጠብቀዋል። በአብዱራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከካላዛር ሕሙማን ጋር በእባብ የተነደፉትንም ሲያክሙ መቆየታቸው የችግሩን ክብደት ያመለክታል። መርዙ ነፍስ ባያጠፋ እንኳ ሥጋን ሊገድል ይችላል፤ ሕክምናው ሲዘገይም ጣት ወይም እግር እስከ መቁረጥ ይደርሳል። የአጎቴ ልጅ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ያጣው በዚህ መንገድ ነው።

ኋላ፣ ስሙን መጥራት ከማያስፈልገኝ ስፍራ፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ሠራሽ ጣት ተሰጠው። ልኩ ትክክል ነበር፤ ቀለሙ ግን የሌላ አገር ሰው ቀለም ነበር። ለሁለት ሳምንት ካደረገው በኋላ ወደ ሣጥን መለሰው። በለቅሶ ቤት ሰው ሲጨብጠው ዐይኑ እጁ ላይ ሲቀር ማየት ሰልችቶት እጁን ከነጠላው ሥር ደበቀ፤ ከሰው ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብም ተወ። እኔም «ዋናው ጤናህ ነው፤ መልክ ምን ያደርግልሃል?» አልሁት። «ይህ እጅ የእኔ አይደለም፤ የማን እንደ ሆነም አላውቅም» ሲል መለሰልኝ። በዚያ ንግግሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

መልክ ትርፍ ነገር እንዳልሆነ ከእኛ በፊት የተረዱ አሉ። አሜሪካዊቷ ቀራፂ አና ኮልማን ላድ እ.ኤ.አ. በ1917 መጨረሻ በፓሪስ በከፈተችው የሥራ ክፍል ፊታቸው በጦርነት ለተጎዳ ወታደሮች ከስስ መዳብ ጭምብል ትሠራ ነበር፤ ቀለሙንም የምትቀባው ወታደሩ ጭምብሉን እንዳደረገ ነበር። በሕንድ ጃይፑር ደግሞ የእጅ ባለሙያው ራም ቻንድራ ሻርማና ሐኪሙ ሴቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጎማ የሠሩት እግር በባዶ እግር ለሚሄድ፣ ጭቃ ለሚረግጥ፣ ቁጢጥ ብሎ ለሚቀመጥ ገበሬ የታሰበ ነበር። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ ሥራው የሚለካው በሚያደርገው ሰው ኑሮ ነው።

የአሠራሩ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንጥረኛ ሰሙን ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ ካወጣ በኋላ ወርቁን ያፈስሳል። እኛም ከደኅነኛው እጅ ልክ ወስደን የጎደለውን ጣት በሰም እንቀርጻለን፤ በባለቤቱ እጅ ላይ ሞክረን በጀሶ እንሸፍነዋለን፤ ሰሙ ሲወጣም በስፍራው ሲሊኮን ይገባል። ቀለሙ በሲሊኮኑ ውስጥ በስስ ንብርብር ይደረጋል፤ የእጃችን ጀርባ፣ መዳፍና የጣት አንጓ አንድ ዓይነት ቀለም የላቸውምና። ይህን ከሩቅ አገር በፎቶግራፍ ማዘዝ አይቻልም፤ ሰውየውን በቀን ብርሃን አጠገብ አስቀምጦ ማየት ይጠይቃል። የአነስተኛ ድርጅት ብልጫ እዚህ ላይ ነው።

ከተማሪዎቼ ጋር ባደረግነው የመጀመሪያ ሙከራ ሲሊኮኑ ሳይጠነክር ሙጫ ሆኖ ቀረ። ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ የለበስነው የላቴክስ ጓንት ውስጥ ያለው ድኝ በፕላቲነም የሚጠነክረውን ሲሊኮን እንደሚያበላሸው አላሰብንም ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በቆላው የቀትር ሙቀት ቀለሙን ሳናስተካክል ጠነከረብን።

ሥራውን ልትጀምሩ የምታስቡ አራት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛ፣ በጣትና በከፊል እጅ ጀምሩ። የሰውነት ክብደት የሚሸከም እግር የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነውና ባለጉዳዩን እንደ ባሕር ዳሩ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ወዳለ ተቋም ምሩት። ሁለተኛ፣ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር አለበት፤ ፈቃዱን ከሽያጭ በፊት ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ሲሊኮኑና ቀለሙ በውጭ ምንዛሬ ይመጣሉ፤ የአገልግሎት ጊዜያቸውም የተወሰነ ነው። የቆላ ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ የሚኖረው ሰሊጡ ሲሸጥ ስለ ሆነ የዕቃ ግዥአችሁም ሆነ የጉዞ ጊዜአችሁ ከዚያ ወር ጋር ይስማማ።

አራተኛውና ዋናው፣ ዋጋ ስትተምኑ የጥገናን ጉብኝት አብራችሁ ተምኑ። ሲሊኮን ጣት አይታጠፍም፣ አይሰማም፤ አውራ ጣት ካለ ግን ዕቃ ደግፎ ለመያዝ ይረዳል። በላብ ይንሸራተታል፤ በፀሐይ ይደበዝዛል፤ የወጥ ቅባት፣ በርበሬና እርድ ያቀልሙታል። ይህን ሁሉ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩ። ሸጦ የሚጠፋ ድርጅት ያንኑ የሣጥን እጅ ያበዛል።

የአጎቴ ልጅ መንገድ በተከፈተለት ጊዜ ሁሉ እየመጣ አራት ጊዜ አጠገባችን ተቀመጠ። ሦስተኛውን ሥራችንን ሲያይ «ይህስ ይቀርበኛል» አለ፤ የእኔ ነው ግን አላለም። ባለፈው ፋሲካ በማዕድ አብሮን ቀረበ። በግራ እጁ ሲቆርስ አይቼ ምክንያቱን ብጠይቀው «ወጡ እንዳያበላሸው ነው» ብሎ ሳቀ። ቀኝ እጁ ግን ከነጠላው ሥር ወጥቶ በጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ነበር።