በደጃችን ያለው ውሻ፣ በተራራው ላይ ያለው አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

አላህ (ሱ.ወ.) በምድር ላይ ያኖረን አማና አሸክሞን ነው። የዱር አራዊትም የዚሁ አማና ክፍል ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲናን ክልል ሐረም ሲያደርጉ ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አውሬውም እንዳይታደን ከልክለዋል። በመሆኑም ዱርን መጠበቅ ከዲናችን ውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለእኛ ለባሌ ሰዎች ይህ አማና በዓይናችን የሚታይ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ለመራባት የደረሱት ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በእኛው ተራሮች ነው። ቀበሮው በሰነቴ አምባና በዌብ ሸለቆ በቀን እየዞረ አይጥና ፍልፈል አድኖ ይበላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገብ ግን ቀበሮን ከበሽታ አያድንም።

ብዙዎቻችን የዚህ እንስሳ ጠላት ጠመንጃ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በ1984፣ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም. በባሌ ቀበሮዎችን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996ቱ ወረርሽኝ በሽታው በገባበት በዌብ ሸለቆ ከአራት ቀበሮ ሦስቱ ያህል በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በሽታው ወደ ቀበሮው የሚሻገረው ከብት ተከትሎ ወደ ደጋው ከሚወጣው ካልተከተበ ውሻችን ነው።

ከመካከላችን «ውሻ ነጃሳ ነው» በማለት ከብቱን የሚጠብቅለትን ውሻ ጨርሶ የሚረሳ አለ። ሸሪዓ ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝን ፈቅዷል። የምራቁ ሕግም የንጽሕና ሕግ እንጂ የጭካኔ ፈቃድ አይደለም። በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ ጉድጓድ በመውረድ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው ነቢያችን ነግረውናል። ውሻን ማጠጣት ይህን ካስገኘ፣ ውሻን አስከትቦ ልጆችን፣ ከብትንና የተራራውን ፍጡር ማዳን እንዴት አጅር አይኖረውም!

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ውሾቻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ክትባት ሰጪ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ለጎረቤት ንገሩ።

ሁለተኛ፣ ወደ ግጦሽ ስትወጡ የማያስፈልጋችሁን ውሻ ከቤት አስቀሩ። የሞተ ከብትም ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ቅበሩት።

ሦስተኛ፣ ሰው በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው።

የቁርአን አስተማሪዎቻችንና ወላጆችም፣ ቀበሮ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ስታዩ «ተው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ይህ ፍጡር ከእኛ ተራራ ከጠፋ የዘሩ ተስፋ እንደሚመነምን፣ ከኢትዮጵያ ከጠፋ ደግሞ ከዓለም እንደጠፋ አስረዱት። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ እኛ በሌለንበትም ይጠብቀዋል።

አላህ አማናውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።