ከጓዳ ስለሚቀመጡ ልጆችና በኦክላንድ ስላለው የጥበብ ቤት



ዛሬ የምነግራችሁ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት ኦክላንድ በምትባል ከተማ ስላለ አንድ የጥበብ ቤት፥ በዚያም ቤት ስለ ሠራች ጁዲት ስኮት ስለ ተባለች ሴት ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ነው፤ ዳሩ ግን በየመንደራችን እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ስለሚገቡ፥ ትምህርት ቤትም ሲከፈት ከቍጥር ስለሚቀሩ ልጆች ለመነጋገር የሚመች ስለ ሆነ መርጬዋለሁ። ዓመታቱን የምቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ጁዲት በ1943 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ከእኅትዋ ከጆይስ ጋራ መንታ ሆና ተወለደች። ጆይስ እንደ ማናቸውም ልጅ አደገች። ጁዲት ግን ዳውን ሲንድሮም የሚባለው፥ የአእምሮን እድገት የሚያዘገየው ሁኔታ ነበረባት። ከዚህም በላይ ገና ሕፃን ሳለች ጽኑ ትኵሳት ያለው በሽታ ይዞአት መስማት ተሳናት፤ ይህን ግን ለብዙ ዘመን ማንም አላወቀም። ሰባት ዓመት ሲሞላት፥ በ1950፥ እንደርስዋ ያሉ ሰዎች ወደሚጠበቁበት የመንግሥት ማደሪያ ገባች። በዚያም እውቀትዋን ሲመረምሩ የጠየቁአት በቃል ነበር። የማትሰማ ልጅ በቃል ተጠየቀች! መልስም ስላልሰጠች፥ መማር የማትችል ናት ተብሎ ተጻፈባት፤ ከትምህርትም ተከለከለች። እንዲህም ሆና 35 ዓመት ያህል በማደሪያ ቤቶች ኖረች።

መምህራን ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። መርማሪዎቹ የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ መመርመሪያውም በሥርዓት የተዘጋጀ ነበር። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቱ ትሰማ እንደ ሆነ ማንም አስቀድሞ አልጠየቀም። እናንተም «ይህ ልጅ አይገባውም» ብላችሁ በመዝገብ ከመጻፋችሁ በፊት፥ ከኋላው ቆማችሁ በዝግታ ስሙን ጥሩት፤ ከሰሌዳው የተጻፈውን ያይ እንደ ሆነ ከቅርብም ከሩቅም ፈትኑት፤ በቃል ያልገባውን በእጅ ምልክት አሳዩት። ጥርጣሬ ካደረባችሁም ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በ1985 ጆይስ የእኅትዋ ሕጋዊ ሞግዚት ሆነች፤ በኋላም ወደ ካሊፎርኒያ አመጣቻት። በ1987 ወደ ጥበቡ ቤት አስገባቻት።

ይህ ቤት ክሪኤቲቭ ግሮውዝ ይባላል። በ1974 ያቋቋሙት ኤልያስ ካትዝ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅና ሚስታቸው ሠዓሊዋ ፍሎረንስ ሉዲንስ ካትዝ ናቸው። በዚያ ዘመን በካሊፎርኒያ በትልልቅ ማደሪያዎች ይኖሩ የነበሩ ብዙ አካል ጉዳተኞች ከዚያ ይወጡ ጀመር፤ ነገር ግን ቀኑን የሚውሉበት ሥራም ስፍራም አልነበራቸውም። ባልና ሚስቱ በመኖሪያ ቤታቸው በመኪና ማኖሪያው ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተቀብለው ጀመሩ። ዛሬ ቤቱ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ሥዕል፥ የሸክላ ሥራ፥ የእንጨት ሥራ፥ የክርና የጨርቅ ሥራ ይሠራበታል፤ ሥራው ለሕዝብ የሚታይበትና የሚሸጥበት ክፍልም አለው። ከሽያጩ ግማሹ ለሠሪው ነው። በዚያ የሚረዱት ሰዎች ራሳቸው ጥበብ የሚሠሩ ናቸው፤ ናሙና ሰጥተው «ይህን ምሰል» አይሉም። ዕቃውን ያቀርባሉ፥ አያያዙን ያሳያሉ፥ ከዚያ ይጠብቃሉ።

መጠበቃቸውንም ከጁዲት ታሪክ እናያለን። ከገባች በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቀለም ቢሰጡአት ጥቂት ሞነጫጭራ ትተወው ነበር እንጂ ልብዋ አልተሳበም። በሌላ ስፍራ ቢሆን በሦስተኛው ወር «ይህችስ አትሆንም» ብለው በሰደዱአት። የቤቱ ሰዎች ግን ወንበርዋን አልነጠቁአትም። በኋላ የክር ጥበብ የምትሠራው ሲልቪያ ሰቨንቲ ለማስተማር መጣች። ጁዲት ሌሎቹ የሚማሩትን ትታ እንጨት አነሣች፥ በክርም ትጠመጥመው ጀመር። ማንም «የታዘዝሽው ይህ አይደለም» አላላትም። ለእኔ የታሪኩ ቍልፍ ይህ ነው፤ በዚያች ሰዓት አንዲት ተቈጪ ብትኖር ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚያው ይቀር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋን እስክትሞት አልተወችም። ወንበር ቢሆን፥ የቢስክሌት ጎማ ቢሆን፥ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ በክርና በጨርቅ እየጠመጠመች፥ ሳምንትና ወር እየቈየች፥ ማንም ያላየውን ቅርጽ ታወጣለች። አንድ ጊዜ ክር ቢታጣ የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ሰብስባ እርስ በርሱ ቋጥራ ነጭ ሥራ ሠርታበታለች። ትርጓሜውን የነገረችው ሰው የለም፤ የምትናገርበት ቋንቋ አልነበራትምና። በ2005 በ61 ዓመትዋ ስታርፍ 200 ያህል ሥራ ትታለች። በ2014 በኒው ዮርክ ያለው የብሩክሊን ሙዚየም ሥራዋን ለብቻው አሳየ።

አንዳንድ ሽማግሎች «ይህ የባለጠጋ አገር ነገር ነው፤ እኛ ምን አዳራሽ አለን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አገራችን ግን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ዓይነ ስውራን በአብነት ትምህርት ቤት ዜማና ቅኔ ተምረው ለመምህርነት መብቃታቸውን የማያውቅ ማን ነው? ይህ የሆነው ስለ ምን ቢሉ፥ ትምህርቱ በጆሮና በቃል ጥናት የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ማየት ለተሳነው ሰው በሩ ክፍት ነበር። መስማት ለተሳነው ወይም አእምሮው ዝግ ላለው ልጅ ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተለትም። እንግዲህ አንዱን ሊቅ ሌላውን የጓዳ ሰው ያደረገው የአካሉ ጉዳት ብቻ ሳይሆን፥ ለእርሱ የሚስማማ ስፍራ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ዕቃውም በቤታችን አለ። ጥጡ፥ እንዝርቱ፥ አክርማውና ስንደዶው፥ የሸክላው ጭቃ የማይገኝበት መንደር ጥቂት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸማኔውን ወይም ሸክላ ሠሪዋን ወደ ትምህርት ቤት ጥሩ፤ ልጁንም ለብቻው በማዕዘን ሳይሆን ከጓደኞቹ መካከል አስቀምጡት። ሥራው ቢንጋደድ በእጃችሁ አታቃኑለት፥ በእጃችሁም አትጨርሱለት። ስሙን ጽፋችሁ አኑሩለት፤ ቢሸጥ ገንዘቡ የእርሱ ይሁን። ዕድሜው ያለፈ፥ ከቤት ሳይወጣ የጐለመሰ ሰው ቢኖርም ቦታ አትንፈጉት፤ ጁዲት ስትጀምር ከ40 ዓመት በላይ ነበረች።

ሁሉም እንደ ጁዲት ይሆናል አላልሁም። በዚያ ቤት ለብዙ ዓመት ሠርተው ስማቸው ከኦክላንድ ያልወጣ ብዙዎች ናቸው፤ ወንበራቸው ግን የእነርሱ ነው። ደግሞ ጥበብ ይሥራ እንጂ ፊደል ይቅርበት ማለቴ አይደለም፤ ፊደሉን መማር የሚችለው ሁሉ ፊደሉን ይማር። ለእንግዳ ማሳዘኛ ብላችሁም አታሰልፉአቸው።

ይህ ነገር በሕግም የተጻፈ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 በአዋጅ ቍጥር 676 የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች የጥበብ ተሰጥዎአቸውን እንዲያሳድጉ መንግሥታት ይርዱ ይላል፤ ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡም እንዲበለጽግበት ነው።

ስለዚህ ሽማግሎች ሆይ፥ በመስከረም ልጆችን ለማስመዝገብ በየቤቱ ስትዞሩ፥ አባት የልጆቹን ቍጥር ከነገራችሁ በኋላ ወዲያው አትነሡ። «ከውስጥስ የቀረ ልጅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካለም ስሙን ከወንድሞቹ ስም ጋራ በአንድ ገጽ ጻፉት።