ባዶ በርሜል ባዶ አይደለም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ አደገኛ ኬሚካሎች አያያዝ በምንነጋገርበት ጊዜ ዐይናችን ዘወትር የሚያርፈው በሞላው በርሜል ላይ ነው። የሞላውን እንቆልፍበታለን፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንለጥፍበታለን፤ ጠባቂም እናቆምለታለን። የተሟጠጠውን ግን ከአጥር ሥር አጋድመን፣ ቀኑ ሲደርስ በጨረታ እንሸጠዋለን። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

የሚነደው ቤንዚኑ ራሱ ሳይሆን ተኑ ነው። ተኑ በአየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ገደማ ሲደርስ እሳት ይይዛል፤ ከመቶ 7.6 እጅ ገደማ ሲያልፍ ግን አየር ስለሚያንሰው አይነድም። በሞላ በርሜል አናት ላይ የምትቀረው ጠባብ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወሰን በላይ ናት። 200 ሊትር በሚይዝ «ባዶ» በርሜል ውስጥ ግን ዝቅተኛውን ወሰን ለመድረስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ቤንዚን ይበቃል፤ ይህን ያህሉ ደግሞ በስፌቱ ሥር ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ተኑ ከአየር 3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ፣ ክዳኑ ቢከፈትም ከታች ተኝቶ ይቆያል። የብየዳ ነበልባል ወይም የብረት መቁረጫ ብልጭታ ያገኘው ዕለት ይፈነዳል።

ይህ አደጋ የሚጠብቀው ማንን ነው? በመርካቶ ምናለሽ ተራና በየከተማው የሚገኘውን፣ በርሜል ቀድዶ ምድጃ የሚሠራውን ባለሙያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ይህ ባለሙያ ግን የማንም ተቀጣሪ አይደለም። በበርሜሉ ውስጥ ምን እንደ ነበረ በእርግጥ የሚያውቀው የመጨረሻው ሰው የእኛው ዕቃ ግምጃ ቤት ሹም ነው።

ስለዚህ አራት ደንቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በንብረት መዝገብ ላይ «ባዶ» የሚለው ቃል ቀርቶ «የታጠበ» ወይም «ያልታጠበ» ተብሎ ይጻፍ፤ በርሜሉ ይዞት የነበረው ነገር ስምም ይስፈር።

ሁለተኛ፣ በርሜሉ ታጥቦ እስኪመረመር ድረስ መለያ ጽሑፉ አይላጥ።

ሦስተኛ፣ ነዳጅ፣ አልኮል ወይም የቀለም ማቅጠኛ የያዘ በርሜል በእንፋሎት ሳይታጠብ፣ አየር ሳይገባበትና በጋዝ መለኪያ ሳይፈተሽ እሳት አይንካው። ማሽተት ምርመራ አይደለም።

አራተኛ፣ ፀረ ተባይ የያዘ ዕቃ ለውሃም ለእህልም አይሆንምና ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ ተበስቶ ይወገድ እንጂ አይሸጥ።

የማጠቢያው ወጪ ከጨረታው ገቢ ይበልጣል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ግን በርሜሉን ስንሸጥ ያተረፍነው ገንዘብ ገዢው በሕይወቱ የሚከፍልልን ወጪ ነው ማለት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 170ም ዝቃጭ ሊኖርባቸው የሚችሉ የተራገፉ ዕቃዎች አደጋን በሚያስወግድ ወይም በሚቀንስ መንገድ እንዲያዙ ይጠይቃል።

በሽያጭ ሰነዱ ላይ የሚያርፈው ፊርማ የእኛ ነው። ከመፈረማችን በፊት በርሜሉ መታጠቡን እንጠይቅ።