ገመዱ ከውኃው ይርዘም

ትንሽ ጀልባን በመልህቅ ስለ ማቆም ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር ጽሑፍ



በሬዲዮ ያዳመጣችሁት ንግግር ይኸው በጽሑፍ ደርሷችኋል። እንደ ወትሮው መጀመሪያ ለብቻችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቀጥሎ አጠገባችሁ ላለው ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ጀልባን በመልህቅ ማቆም ነው። «እኛ የመካነ ሰላም ሰዎች ደጋ ላይ ተቀምጠን ስለ ጀልባ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ አብረን እንመልሰው።

ለምን ይጠቅመናል?

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ ሰው ዓባይን ያገኛል። ዓባይ ከጣና ሐይቅ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል። በጎጃምና በእኛ በቦረና መካከል ያለውን ገደል ሰንጥቆ ያልፋል። ያው ውኃ ርቆ ሄዶ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይጠራቀማል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከኋላው የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም አለው።

በደሴ በኩል ደግሞ የራሳችን የደቡብ ወሎ ሐይቅ አለ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው እዚያ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ንባብና ጽሕፈት ያስተማሩበት ቦታ ነው።

ልጆቻችን ለትምህርትና ለሥራ ወደነዚህ ውኃዎች ዳር ይሄዳሉ። አንዱ ዓሣ ያጠምዳል። ሌላው ገዳም ለመሳለም ጀልባ ይሳፈራል። ሌላው በበዓል ቀን ከጓደኞቹ ጋር ለመዝናናት ይቀዝፋል። በውኃ ዳር ያደገ ልጅ ከአባቱ አይቶ ይማራል። የደጋ ልጅ ግን ሳያውቅ ይሳፈራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎረምሶች ሐይቅ መካከል ጀልባቸውን ያቆማሉ። ሙቀት ነውና ለመዋኘት ይዘላሉ። ነፋስ ይነሳል። ባዶዋ ጀልባ ቀላል ስለሆነች ነፋሱ ይነዳታል። ጥሩ ዋናተኛ እንኳ ቢሆን በነፋስ የምትሄድ ጀልባን መድረስ ይቸግረዋል። በመልህቅ በደንብ የቆመች ጀልባ ግን ከቦታዋ ትጠብቀዋለች።

አዲስ ቃላት

እነዚህን ቃላት ሦስት ጊዜ አንብቡ፤ ሦስት ጊዜም ጻፉ።

መልህቅ፦ ጀልባ እንዳትሄድ ከውኃው ወለል ላይ የሚይዛት ነገር።
ጥልቀት፦ ከውኃው ፊት እስከ ወለሉ ያለው ርቀት።
ሞገድ፦ ነፋስ የሚያስነሳው የውኃ እንቅስቃሴ።
ሰንሰለት፦ የተያያዘ የብረት ቀለበት።

የጀልባዋን የፊት ጫፍ ደግሞ ዛሬ «አፍንጫ» እንበለው።

ድንጋይ ብቻውን አይበቃም

በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። የእንጨት፣ የብረትና የፋይበር ጀልባ ግን ውኃ ላይ ትቆማለች። ስለዚህ መልህቅ ያስፈልጋታል።

ብዙ ሰው መልህቅ ማለት ከባድ ድንጋይ ይመስለዋል። ድንጋይ በገመድ አስሮ ይጥላል። ጸጥ ባለ ውኃ ለጥቂት ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ነፋስ ሲነሳ ግን ይንሸራተታል።

ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ወንዝ ውስጥ ድንጋይ አንሥታችሁ ታውቁ የለም? ውኃ ውስጥ ሳለ ቀላል ነው፤ ከውኃ ሲወጣ ይከብዳል። በሚዛን 10 ኪሎ የሆነ ድንጋይ ውኃ ውስጥ ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል። ከዚያም በላይ ድንጋይ ጥርስ የለውም። ወለሉን አይነክስም።

የብረት መልህቅ ጥርስ አለው። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ጀልባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን መልህቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አያችሁ፣ ከድንጋዩ ይቀልላል። የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን በመንከሱ ነው።

መልህቅና ማረሻ

መልህቅ እንዴት እንደሚነክስ ለገበሬ ማስረዳት ቀላል ነው። ማረሻን ተመልከቱ። በሬዎቹ ሞፈሩን ወደ ፊት ሲስቡ ማረሻው መሬት ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ሞፈሩን ወደ ላይ ቢያነሣው ምን ይሆናል? ማረሻው ከመሬት ይወጣል። እርሻውም ይቆማል።

መልህቅም እንደዚሁ ነው። ገመዱ በወለሉ አቅጣጫ ዝቅ ብሎ ሲስበው ጥርሱ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ገመዱ ወደ ላይ ሲስበው ይነቀላል። ገመዱ ዝቅ ብሎ እንዲስብ የሚያደርገው ምንድን ነው? ርዝመቱ ነው። አጭር ገመድ ወደ ላይ ይስባል። ረጅም ገመድ ወደ ጎን ይስባል። የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው።

በመልህቁና በገመዱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ሰንሰለት ቢገባ ደግሞ መልካም ነው። ሰንሰለቱ ከብዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የገመዱንም ጫፍ ዝቅ ያደርገዋል። ድንጋይ ገመዱን እንዳይበላውም ይከላከላል። ለገመዱ ናይለን ይመረጣል። ናይለን ሲሳብ ጥቂት ስለሚለጠጥ የሞገዱን ምት ያበርዳል። ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ገመድ ግን ሞተር ላይ ይጠመጠማል፤ ተዉት።

ገመዱ ምን ያህል ይርዘም?

አሁን የተማራችሁትን ማባዛት አውጡ። ሕጉ እንዲህ ነው።

ነፋስ በሌለበት ለአጭር ጊዜ ለመቆም፦ አምስት እጥፍ።
ነፋስ ካለ ወይም ማደር ካለ፦ ሰባት እጥፍ።

የምን እጥፍ? ሁለት ነገር ይደመራል። አንዱ የውኃው ጥልቀት ነው። ሁለተኛው ከውኃው ፊት እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለው ከፍታ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳል።

ምሳሌ፦ ውኃው 3 ሜትር ይጠልቃል። አፍንጫዋ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ይላል። ድምሩ 4 ሜትር ነው። 4 ጊዜ 5 = 20 ሜትር። 4 ጊዜ 7 = 28 ሜትር።

ጥልቀቱን በምን እንለካ? ቀጭን ገመድ ላይ ድንጋይ እሰሩ። በየሜትሩ አንድ ቋጠሮ ቋጥሩ። ሜትር ከሌላችሁ ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ያህል ነው። ድንጋዩን አውርዱና የሰመጡትን ቋጠሮዎች ቁጠሩ። ከድንጋዩ ሥር ሞራ ብትቀቡ ደግሞ የወለሉን አፈር ይዞላችሁ ይወጣል። የጥንት መርከበኞች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ጭቃ ወይም አሸዋ ከወጣ መልህቁ ይነክሳል። ምንም ካልወጣ ወለሉ ዓለት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ጣናና ሐይቅ አንድ አይደሉም

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ጥልቅ አይደለም። እጅግ የሚጠልቀው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። አፍንጫዋን አንድ ሜትር ብንል 15 ጊዜ 5 = 75 ሜትር ይሆናል። ረጅም ነው፤ ግን ይቻላል።

የወሎው ሐይቅ በስፋቱ ከጣና ጋር አይወዳደርም። ጥልቀቱ ግን ወደ 80 ሜትር ይደርሳል። 80 ጊዜ 5 ስንት ነው? 400 ሜትር! ይህን ያህል ገመድ በትንሽ ጀልባ የሚይዝ የለም። ስለዚህ እዚያ መልህቅ የሚጣለው ውኃው በሚያንስበት በዳር በኩል ነው። የሐይቅ ትንሽነት አያታልላችሁ። ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱን ጠይቁ።

አሠራሩ በተራ

1. ከመነሣታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት የሚባለውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ።

2. የገመዱን አንዱን ጫፍ ከመልህቁ፣ ሌላውን ከጀልባዋ አፍንጫ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ። ሁለተኛውን ጫፍ የረሳ ሰው መልህቁንም ገመዱንም ለሐይቁ ይሰጣል።

3. ቦታ ምረጡ። በቅሎ በመጫኛ ከችካል ጋር ስትታሰር ዙሪያዋን ትግጣለች፤ ስለዚህ ሰብል በማትደርስበት እንተክላለን። በመልህቅ የቆመች ጀልባም ነፋስ ሲለወጥ ትዞራለች። በገመዱ ርዝመት ዙሪያ ዓለት ወይም ሌላ ጀልባ አይኑር።

4. አፍንጫዋን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሩና ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። ጀልባዋ ስትቆም መልህቁን በእጃችሁ አውርዱ። አትወርውሩት። የተወረወረ መልህቅ በገመዱ ይጠላለፋል።

5. መልህቁ ወለሉን ሲነካ ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ኋላ ይግፋት። እናንተ ገመዱን ጥቂት በጥቂት ልቀቁ። እግራችሁን በገመዱ ጥቅልል መካከል አታቁሙ።

6. የተሰላው ርዝመት ሲወጣ እሰሩት። ከዚያ በቀስታ ወደ ኋላ ቅዘፉ። ገመዱ ከተወጠረና ጀልባዋ ከቆመች መልህቁ ነክሷል ማለት ነው።

ይዟል ወይስ አልያዘም?

ታስሯል ብላችሁ አትተኙ። በዳር በኩል አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ የሆኑ ሁለት ምልክቶች ምረጡ። ለምሳሌ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ የቤት ጣራ። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲታዩ ልብ በሉ። ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና እዩ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ጥቂት ቢለያዩ አያስደነግጥም። እየተራራቁ ከሄዱ ግን መልህቁ እየተጎተተ ነው። ገመዱንም በእጃችሁ ዳስሱት። የሚንቀጠቀጥና የሚነጥር ከሆነ መልህቁ እየተንሸራተተ ነው።

በዚህ ጊዜ ሰው ይደነግጥና ገመዱን ወደ ራሱ ይሰበስባል። ይህ የባሰ ነው! ገመዱ አጠረ ማለት ወደ ላይ ሳበ፣ መልህቁም ተነቀለ ማለት ነው። ከኋላችሁ ቦታ ካለ ገመድ ጨምሩ። ቦታ ከሌለ መልህቁን አንሥታችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ።

ፈጽሞ የማይደረግ

ጀልባን በኋላዋ ብቻ በመልህቅ አታቁሙ። የኋላ ጠርዟ ዝቅ ያለ ነው። ሞተር ካላት ደግሞ ክብደቱ እዚያው ነው። ሞገድ ሲመጣ ውኃው በኋላ ይገባና ያሰምጣታል። አፍንጫዋ ግን ሞገድ እንድትሰነጥቅ ተብሎ የተሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ በኃይል በሚወርድ ወንዝ መልህቅ አትጣሉ። በክረምት ዓባይና በሽሎ ሲሞሉ ምን እንደሚመስሉ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የጎርፉ ኃይል ገመዱን ወጥሮ ጀልባዋን ወደ ታች ይስባል። እንዲህ ባለ ውኃ ላይ ጀልባም አይወጣ።

ሲነሣ

ለመሄድ ስትፈልጉ ወደ መልህቁ ቀስ ብላችሁ ቅዘፉ፤ ገመዱንም እየሰበሰባችሁ ሂዱ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲቆም ወደ ላይ ሳቡ። ያን ጊዜ ማረሻው እንደሚወጣ ሁሉ መልህቁ ይወጣል። ድንጋይ ይዞት እንቢ ካለ በግድ አትታገሉ። መልህቁን አልፋችሁ ከተቃራኒው አቅጣጫ ሳቡት።

እንግዲህ ለማጠቃለል ያህል፣ መልህቅ የሚይዘው ስለ ከበደ ሳይሆን ስለ ነከሰ ነው። የሚነክሰውም ገመዱ ረጅም ሲሆን ነው። ቢይዝም እንኳ ዓይናችሁን ከምልክቱ አታንሡ።

ለውይይት

ሀ. ድንጋይ ብቻውን ጥሩ መልህቅ የማይሆነው ለምንድን ነው?
ለ. ውኃው 4 ሜትር፣ አፍንጫዋ 1 ሜትር ቢሆን ለማደር ስንት ሜትር ገመድ ያስፈልጋል?
ሐ. መልህቁ ሲንሸራተት መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

የቤት ሥራ

በባሕር ዳር፣ በሐይቅ ከተማ ወይም በሌላ ውኃ ዳር የሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ አራት መስመር ደብዳቤ ጻፉለት። በራሳችሁ እጅ ጻፉት። በመጀመሪያው መስመር ሰላምታ አቅርቡ። በሁለተኛው ገመዱ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ንገሩት። በሦስተኛው ሰደርያውን ሳይለብስ እንዳይሳፈር ምከሩት። በአራተኛው ስማችሁን ጻፉ። እንዲህ ያለ ምክር በእናቱ ወይም በአባቱ እጅ ተጽፎ የደረሰው ልጅ ቶሎ አይረሳውም።